«ቆይ፣ ይሻለዋል» እና ሌሎች ውሻና ድመቶቻችንን የሚያሳጡን ስህተቶች

ጎረቤቴ ቡችላዋን በፎጣ ጠቅልላ ወደ እኔ ስትመጣ ከታመመ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ያስመልሰዋል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያስቀምጠዋል። ድዱን ስነካው ደረቅና የገረጣ ነው። «የበላው ነገር መስሎኝ፤ ይሻለዋል ብዬ» አለችኝ። በማግስቱ ሞተ።

ምልክቱ ሁሉ የፓርቮ ነበር። ፓርቮ በብዛት ያልተከተቡ ቡችሎችን የሚይዝ ቫይረስ ነው። የአንጀትን ግድግዳ ያቆስላል፣ ነጭ የደም ሴሎችንም ያመናምናል። ቡችላውን የሚገድለው በአብዛኛው ድርቀቱና በቆሰለው አንጀት በኩል ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ሐኪም ግሉኮስ ይሰቅልለታል፣ ማስመለሱን ያስታግሳል፣ ጸረ-ባክቴሪያ ይሰጠዋል። ይህ በመጀመሪያው ቀን ሲደረግ ብዙዎቹ ይድናሉ።

«አንዴ አስከትቤዋለሁ።» አንዴ አይበቃም። ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ያከሽፈዋል፤ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ለዚህ ነው ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጀምሮ፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው የሚደጋገመው።

«ልጆቹ አለቀሱ፣ ሌላ ቡችላ እናምጣ።» ፓርቮ የገደለው ውሻ በነበረበት ግቢ ቫይረሱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ቆሻሻው ታጥቦ ከተነሳ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጦ መድፋት ይረዳል። አፈር ላይ ግን ያን ያህል አይሠራም። አዲሱ ቡችላ ክትባቱን ጨርሶ ይምጣ።

«ድመቴ ከቤት አትወጣም።» የድመቶች ፓርቮ በጫማችን ሶል ይገባል። እሷም ትከተብ። ስትታመም ደግሞ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት፣ እባካችሁ። ግማሽ ፍሬ እንኳ ድመት ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ፤ የእብድ ውሻ በሽታ።

ያበደ ውሻ ሁሉ እየሮጠ የሚናከስ ይመስለናል። አንዳንዱ ግን ዝም ይላል። መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ያየው ሰው «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። በፍጹም እንዳታደርጉት! ራቁት፣ ልጆችንም አርቁ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉ ላይ በርበሬ ወይም ቅጠል አይደረግም። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ጠበል የሚፈልግ ይጠመቅ፣ ክትባቱን ግን ለነገ አያሳድር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። «ትንሽ ጭረት ናት»፣ «ቡችላ እኮ ነው የነከሰኝ» የሚባለውም አይሠራም፤ ቡችላም ድመትም ያስተላልፋሉ።

ጤነኛ የሚመስለውን ውሻ ቸኩሎ መግደልም ስህተት ነው። አስሮ 10 ቀን መከታተል ይሻላል። በእነዚያ ቀናት ካልታመመ፣ ሲናከስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ክትባት ግን 10 ቀኑን አይጠብቅም። ይጀመራል፤ ውሻው ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያቋርጠዋል።