የዛገ ታጣፊ ምላጭ አጸዳድና አሳሳል

አሮጌ ታጣፊ ምላጭ እጅ ሲገባ ቀድሞ የሚመረመረው ስለቱ ነው። በማጉያ መነጽር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታይ። ከተሰነጠቀ፣ ወይም ዝገቱ የቦረቦረው ጉድጓድ ስለቱ ድረስ ከዘለቀ አይደከምበት፤ በተሳለ ቁጥር እዚያው ላይ እየተሸረፈ ፊት ይቆርጣል። ጀርባው ላይ ያለ ጉድጓድ ግን መልክ ቢያበላሽ እንጂ መላጨት አይከለክልም።

ዝገቱ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ቀብቶ ማሳደር ነው። ሲነጋ ምላጩን ጣውላ ላይ አስተኝቶ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ይልማል)፣ ቀጥሎ በ1000፣ በመጨረሻም በ2000 ከጀርባው ወደ ስለቱ መፈተግ፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ ጣት ይቆርጣል። ግራይንደር በፍጹም አይነካው። ስለቱ ስስ ስለሆነ ወዲያው ይግላል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫና ሰማያዊ ከተለወጠ ብረቱ ለስልሷል፣ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም።

እጀታው ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ ዓይነት) ሆኖ መፈርፈር ከጀመረ ይቀየር፤ ሲበሰብስ የሚያወጣው አሲድ ብረቱን ያዝጋል። ጅማ ውስጥ በርጩማ ከሚሠሩ አናጺዎች ቁራጭ ዋንዛ ይገኛል፤ 3 ሚሊሜትር ለሚሳሳ እጀታ ግን ጠንካራው ወይራ ይሻላል። በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመምና ምላጩ ሲታጠፍ ስለቱን ይመታዋል።

ዋናው ሥራ መሳሉ ነው። የመሳያው ድንጋይ ከጎደጎደ መጀመሪያ መስታወት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከል። ስለቱን በማርከር ቀብቶ፣ ጀርባውና ስለቱ እኩል ድንጋዩን እንደነኩ፣ ስለቱን ከፊት አድርጎ፣ በውሃ በራሰ 1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ መግፋት። ሲገለበጥ ጀርባው ከድንጋዩ አይነሳ። ጥቂት ከተገፋ በኋላ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ከቀረ ድንጋዩ ገና ስለቱን አላገኘውም፤ መጫን ሳይሆን መታገስ ነው፤ ሲጫኑት ስሱ ብረት ይታጠፋል። የክንድ ፀጉር ከሥሩ ሳይቆርጥ ከ1000 መውጣት ትርፉ ድካም ነው፤ ቀጥለው የሚመጡት 4000ና 8000 ቁጥር ድንጋዮች የሚያለሰልሱት እዚህ የተሠራውን ስለት ብቻ ነው።

በመጨረሻ በተወጠረ ቆዳ ላይ 50 ጊዜ ያህል ማመላለስ፤ እዚህ ጀርባው ይቀድማል፤ ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል። ከመላጨት በፊት በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ።

ከተላጩ በኋላ አድርቆ ዘይት መቀባት ግድ ነው። በጅማ ክረምት ምላጭ በቆዳ ማኅደር ውስጥ አይቀመጥ፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል።