ልጃችሁ እያነበበ ነው ወይስ በቃሉ ይዞት?

ማታ መጽሐፉን ዘርግቶ እንደ ውኃ ሲያወርደው ደስ ይላል። ግን ክፍል ውስጥ ሁሉም አብሮ ሲጮህ የሰማ ልጅ ፊደሉን ሳይለይ ምንባቡን ሊሸመድድ ይችላል። ወላጅ የሚነቃው ካርድ ሲመጣ ነው።

መላው ቀላል ነው። ከገጹ መጨረሻ ጀምሩ። በስንደዶ ወይም በእርሳስ ጫፍ አንድ ቃል ጠቁሙና «ይህ ምን ይላል?» በሉት። ከዚያ ወደ ላይ ዘለል ብላችሁ ሌላ። የሚያነብ ልጅ ዘገም ቢልም ይለዋል። የሸመደደው ግን ዓይኑ ወደ መጀመሪያው መስመር ይሮጣል። ከንፈሩ ከላይ ጀምሮ ያነበንብና ቃሉ ጋ ሲደርስ ድምፁን ያወጣል። ቢቸና ያለው የእህቴ ልጅ እንዲህ ነበር፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» አይለይም።

ጎጃም ውስጥ የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሀ ሁ ሂ ካለቀ በኋላ የኔታ «አቡጊዳ ሄውዞ» ያስቆጥራሉ። ቅደም ተከተሉ ሲፈርስ ፊደሉን በመልኩ የለየና ያልለየ ይታወቃል።

ከብት ሲጠብቅ ውሎ ደክሞት በገባበት ማታ አትሞክሩት። በወንድምና በእህቶቹ ፊትም አይሁን፤ ሲያፍር የሚያውቀውም ይጠፋዋል። መጽሐፍ ላይ እያነበበ ሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ የሚስት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩት። ፊደል አለመለየቱን ካያችሁ ግን በዚያው ሳምንት መምህሩን አነጋግሩ።