ተዳፋት ግቢ ላይ የልጆች ገንዳ ልኩን እስኪይዝ

ባህር ዳር ሙቀቱ ሲበረታ ለልጆቹ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ በአየር የሚነፋ ገንዳ ገዛሁ። ውሃ ስሞላው በታችኛው በኩል ያብጥና ጠርዙ ጎንበስ ብሎ ይፈሳል።

መጀመሪያ ዝቅ ያለውን በኩል አፈር ሞልቼ ከፍ አደረኩት፣ ባይን ሲታይ ልክ ነበር፣ በማግስቱ ግን ሰመጠ። 40 ሳንቲ ውሃ ማለት ከ1,200 ሊትር በላይ ነው፣ ከአንድ ቶን በላይ ክብደት እኮ ነው፣ አዲስ የተደለደለ አፈር አይችለውም። ብሎኬት ደርድሬ ጣውላ አነጠፍኩ፣ እሱም መሃሉ ረገበ።

የሰራልኝ ተቃራኒው ነው፣ ዝቅ ያለውን መሙላት ትቶ ከፍ ያለውን መቁረጥ። መሃል ችካል ተክዬ በሲባጎ ክብ አሰመርኩ፣ ከገንዳው በየጎኑ 30 ሳንቲ አስፍቼ፣ ከዛ ዙሪያውን ችካል መትቼ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ ልኩን ስወስድ ልዩነቱ 16 ሳንቲ ወጣ! ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይኖር በደንብ እዩ፣ እኔን አንዴ አሳስቶኛል። በዶማ እስከ ዝቅተኛው ድረስ ቆረጥኩት፣ ቀጥ ያለ ሞራሌ ላይ ውሃ ልክ አስቀምጬ እያዞርኩ አየሁ፣ ጠጠር ለቅሜ ጠቀጠቅኩት፣ 2 ሳንቲ የተነፋ አሸዋ ከላዩ ሸራ። አፈራችን ዋልካ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ለዛ በላይኛው በኩል ቦይ ቀደድኩ።

አሁን ውሃው ዙሪያውን ከጠርዙ እኩል ቆሟል። ልጆቹ ሲወጡ ደግሞ ገንዳውን ሞልቶ መተው አደጋ ስለሆነ ውሃውን ለጎመኑ እለቀዋለሁ።