የተሰበረ የሞተር ማሰሪያ ጆሮ ሲበየድ ቀዳዳው እንዳይዛነፍ

የሞተር ሳይክል ሞተርን ከሻንሲው የሚያስረው የአሉሚኒየም ጆሮ ሲሰበር አርጎን ብየዳ ያድነዋል። ችግሩ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ስባሪውን እየጎተተ ቀዳዳውን ማዛነፉ ነው። ቡሎኑ በግድ ከገባ ደግሞ ዳዶው ሲጠብቅ ጆሮው እዚያው ይሰነጠቃል።

መላው ቀላል ነው፦ ከቡሎኑ እኩል ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በስባሪውና በተቃራኒው ጆሮ አንድ ላይ አሳልፉ። መጀመሪያ 3 ወይም 4 ቦታ ብቻ በብየዳ ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ያዙት። ዘንጉ በእጅ ሲዞር ነፃ ከሆነ ብየዳውን ጨርሱ፤ ካጣበቀ ነጥቦቹን ቁረጡና እንደገና አስተካክሉ። ዘንጉ እስኪቀዘቅዝ አይውጣ፣ ሥራውም ላይ ውኃ አይፈስስበት።

ከዚያ በፊት ግን የስብራቱን ጠርዝ በሁለቱም በኩል በሞረድ አዘቅዝቁት፤ ብየዳው ወደ ውስጥ እንዲገባ። መሃል ላይ ትንሽ ያልተሞረደ ፊት ተዉ፣ ስባሪው በቦታው የሚገጥመው በእሱ ነውና። የቆየ ካርተር (ጆሮው የወጣበት የሞተሩ ውጫዊ አካል) ዘይት ጠጥቷል፤ ቀስ ብላችሁ ስታሞቁት ያልበዋል። በአሴቶን ጠርጉት፣ ጨርቁ እስኪነጣ ድገሙት፤ አለዚያ ብየዳው በአረፋ ቀዳዳ ይሞላል። አሴቶኑ ተንኖ ሳያልቅ እሳት አታቅርቡ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ፈጽሞ አይነካ፣ በብየዳ ሙቀት ገዳይ ጋዝ ይወጣዋል። ለመሙያ 4043 የተባለው የአሉሚኒየም መበየጃ ዘንግ ለአብዛኛው የአሉሚኒየም ካርተር ይስማማል።

ስንጥቁ እስከ ኩሽኔታ መቀመጫ ከዘለቀ ወይም ካርተሩ ማግኒዚየም ከሆነ በዚህ መንገድ አትሞክሩት።