ከለጋሽ ስቴም ሴል በኋላ፦ ጎንደር ሆኖ የሉኪሚያን ማገርሸት መከታተል

ከለጋሽ ስቴም ሴል (ደም የሚያመነጭ እናት ሴል) ተሰጥቶት ጎንደር ቤቱ የገባ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ታካሚ ከባዱን አለፈ እንጂ ሕክምናውን አልጨረሰም። በሽታው ሲያገረሽ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከኬሞ ያመለጠውን የካንሰር ሴል እየለቀመ የሚያጠፋው የለጋሹ የመከላከያ ሴል ነው፤ የአስታማሚው ሥራም ይህን ኃይል አለማደናቀፍና ሲዳከም ቶሎ ማወቅ ነው።

ከለጋሹ የመከላከያ ሴሎች መካከል ቀድመው የሚያገግሙት ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ኤንኬ ሴሎች ናቸው። ቁጥራቸው በ1 ወር ገደማ ይመለሳል፤ ቲ ሴሎች የሚባሉት ሌሎቹ የመከላከያ ሴሎች ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስድባቸዋል። ኤንኬ ሴል በር ላይ ቆሞ መታወቂያ እንደሚጠይቅ ጥበቃ ነው። ኪር በሚባሉ ተቀባዮቹ ያገኘውን ሴል ይዳስሳል፤ የሚያውቀውን ኤችኤልኤ (በሴሉ ገጽ ላይ ያለ የማንነት ምልክት) ካገኘ ያሳልፈዋል፣ ካጣ ሊገድለው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከጣሊያኗ ፔሩጂያ የወጣ ጥናት፣ በግማሽ ከሚመሳሰል የቤተሰብ ለጋሽ ከወሰዱ የኤኤምኤል (አንዱ አጣዳፊ የሉኪሚያ ዓይነት) ታካሚዎች መካከል የለጋሹ ኤንኬ የሚያውቀውን ኤችኤልኤ በሚያጣባቸው ላይ ማገርሸት መቀነሱን አሳይቷል። በአዋቂዎች ኤኤልኤል (ሌላው አጣዳፊ የሉኪሚያ ዓይነት) ላይ ግን ይህ ጥቅም አልታየም። የኪር ጂኖች በክሮሞሶም 19፣ የኤችኤልኤ በክሮሞሶም 6 ላይ ስለሚገኙ፣ በኤችኤልኤ ሙሉ በሙሉ የምትገጥም እህት በኪር ልትለይ ትችላለች። ስለዚህ ካከመው ሆስፒታል የለጋሹንም የታካሚውንም የኤችኤልኤ ውጤት፣ ኪር ከተሠራም እሱን ጭምር ይቀበሉ።

ቁጥሩ ተመለሰ ማለት ጉልበቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። ኤንኬ ሴሎቹ እስኪበስሉ ወራት ይፈጃል፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድም ያዳክማቸዋል። ለሽፍታ ወይም ለሳል ብሎ ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መውሰድ አይገባም። «ኤንኬ ያበረታል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትና ቅጠላ ቅጠልም ገንዘብ አይውጣበት፤ አንዳንዱ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን መጠን ያዛባል።

ብዙ የሚበላሸው በሰዓት ነው። የለጋሹን የመከላከያ ሴሎች የሚገታው ሳይክሎስፖሪን ወይም ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። ወረቀቱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 8 ተብሎ የተጻፈው እኛ ጋ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ብሎ የያዘ ሰው መድኃኒቱን በ6 ሰዓት ያዘገያል። በጾም ምክንያት የጠዋቱን ወደ 9 ሰዓት መግፋትም ያው ነው፤ ይህን ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። በደም ውስጥ ያለውን መጠኑን ለመለካት ደም የሚሰጠው የጠዋቱን ኪኒን ከመዋጥ በፊት ነው። ውጦ የሄደ ሰው ውጤቱ በውሸት ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም አምኖ ይቀንስበታል። መጠኑ ሲያንስ የለጋሹ ሴሎች ቆዳን፣ አንጀትንና ጉበትን ያጠቃሉ፦ ሽፍታ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ቢጫነት። ሲበዛ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል፣ ካንሰሩን የሚዋጉት ሴሎችም ይታሰራሉ። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን መጠኑን በጣም ያወርዳል፤ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ከፍ ያደርጉታል። ማንም አዲስ መድኃኒት ሲያዝ የኪኒኑን ካርቶን ያሳዩት።

ስቴም ሴሉ የገባበት ዕለት 0 ቀን ነው። በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ፋይሉ ላይ ይጻፉትና ከዚያ ይቁጠሩ። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ሲሠራ የማሽኑ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ፣ ማሽን ያልበሰሉ ሴሎችን ሊስት ይችላልና። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) 180,000 የነበረ ሰው 150,000፣ ቀጥሎ 110,000 ከሆነ፣ ቁልቁል መውረዱ ራሱ መልእክት ነው። ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ የድድ ወይም የቆለጥ እብጠት ካለ ሲቢሲው ጤናማ ቢሆንም አይዘናጉ፤ በሽታው ከመቅኔ ውጭም ይነሣል።

ዋናው ምርመራ ቺሜሪዝም ነው፦ ከደሙ ስንት በመቶው የለጋሹ እንደሆነ ይናገራል። ብዙ ማዕከላት በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ያዙታል። ናሙናው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል፤ ወደ ሌላ ከተማ ሲላክ በረዶ እንዲሆን አይደረግም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍበታል።

ትኩሳት 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ውጦ ማደር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ ከነበረ ወባና ካላዛር እንዲታሰቡ ይናገሩ። ደም የሚያስፈልግ ከሆነ በጨረር የታከመ መሆን እንዳለበት ያሳውቁ፤ የደም ዓይነቱም ወደ ለጋሹ ሊቀየር ስለሚችል በድሮ ካርድ አይተማመኑ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅሩ።

ቺሜሪዝሙ ከ100 ወደ 92 ቢወርድ መጀመሪያ ምርመራው ይደገማል፣ መቅኔ ይታያል። ማገርሸት ከሆነ ሐኪሙ የመከላከያ መግቻውን መድኃኒት ሊቀንስ ወይም ከለጋሹ ተጨማሪ ሊምፎሳይት (የመከላከያ ነጭ የደም ሴል) ሊሰጥ ይችላል፤ የኤንኬ ሴል መስጠት ገና በጥናት ላይ ያለ ነው። በራስ ፈቃድ ኪኒን ማቆም ግን የለጋሹን ሴሎች በሰውነት ላይ ይለቃል። የለጋሹ ወንድም ወይም እህት ስልክና አድራሻ የፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይኑር፤ ለሥራ ርቆ ቢሄድ እንኳ በቀናት ውስጥ መገኘት አለበት።