ስቶካችሁን በብዛት ሳይሆን በቀን እዩት

ሱቅ ወይም መጋዘን ያላችሁ ይቺን ሞክሯት። ዳሽቦርዳችሁ (የእቃና የሽያጭ ማጠቃለያ ሰንጠረዣችሁ) ላይ የቀረውን ብዛት ብቻ አትዩ፤ ብዛት ያታልላል። ባለ 5 ሊትር ዘይት 40 ጀሪካን አለ እንበል። ብዙ ይመስላል። በቀን 8 የሚሸጥ ከሆነ ግን የ5 ቀን ብቻ ነው። አከፋፋዩ ለማምጣት 7 ቀን ከፈጀበት፣ ዛሬ ብታዝዙ እንኳ 2 ቀን «የለም» እያላችሁ ደንበኛ ልትሸኙ ነው።

ስለዚህ ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ የቀረው ብዛት ባለፉት 30 ቀናት አማካይ የቀን ሽያጭ ይካፈል። ውጤቱ እቃው ለመድረስ ከሚፈጅበት ቀን ሲያንስ ሴሉ በራሱ ቀይ እንዲሆን አድርጉት። እኔ ለመንገድ መዘግየት እቃው ለመድረስ በሚፈጅበት ቀን ላይ 3 ቀን እጨምራለሁ። እቃው አልቆ የነበረባቸውን ቀናት ከአማካዩ አውጡ፣ አለበለዚያ ሽያጩ ቀዝቃዛ ይመስላል።

በዓል ሲሆን ደግሞ ተጠንቀቁ! በሁዳዴ ቅቤ አይንቀሳቀስም፤ አማካዩ የሞተ እቃ ያስመስለዋል። ፋሲካ ሲቃረብ ግን ይሮጣል። ለዚያ ሳምንት ያለፈውን ዓመት የፋሲካ ሰሞን ሽያጭ ተጠቀሙ።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ 10 እቃ መርጣችሁ በእጅ ቁጠሩና ከዳሽቦርዱ ጋር አመሳክሩ።