ውሃና ኮንታክት ሌንስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቀጥታ ዓይን ላይ የሚደረገው ኮንታክት ሌንስ፣ በአግባቡ ከተያዘ፣ የዓይን ጠላት አይደለም። ኬራቶኮነስ በሚባለው ሕመም ብሌናቸው እየሳሳና ወደ ፊት እየሾለ ለመጣ ወጣቶች፣ ጠንካራው ሌንስ መነጽር ሊሰጣቸው ያልቻለውን ዕይታ ሲሰጣቸው በየጊዜው እናያለን። ብሌን ስል ሰዎች ከሞቱ በኋላ ለመለገስ ቃል የሚገቡትን፣ ከዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ማለቴ ነው። ዓይናቸው ቀልቶ ወደ ክሊኒክ የሚመጡ የሌንስ ተጠቃሚዎችን አንድ በአንድ ስንጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከሌንሱ ሳይሆን ከአያያዙ ሆኖ እናገኘዋለን። ከአያያዝ ጉድለቶች ሁሉ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ውሃ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ሌንስ፣ ለስላሳም ይሁን ጠንካራ፣ በምንም ዓይነት ውሃ አይታጠብም፤ በውሃ ውስጥም አያድርም። ይህን ስናገር በተደጋጋሚ የሚሰጠኝ መልስ «ዶክተር፣ እኔ እኮ የቧንቧ አልጠቀምም፤ የታሸገ ውሃ ነው» የሚል ነው። ለመጠጥ ንጹሕ የሆነ ውሃ ለሌንስም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በውሃና በአፈር ውስጥ አካንታሜባ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተህዋስ ይኖራል። አሜባ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሆዳችንን ነው፤ ይህኛው ግን ከሆድ ይልቅ ለዓይን የሚያሰጋ ሲሆን፣ በሌንስና በብሌን መካከል ገብቶ መቆያ ካገኘ ብሌኑን እየበላ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሁኔታው ሳይመቸው ሲቀር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ስለሚተኛ፣ ለቧንቧ ውሃ የሚጨመረው ክሎሪን በዚያ ቅርፊት ውስጥ እንዳለ አይገድለውም። አፍልቶ ማቀዝቀዝም መፍትሔ አይሆንም፤ የፈላው ውሃ ከሚቀመጥበት ዕቃ ዳግም ይበከላል፤ በተጨማሪም እንደ እንባ ጨው ስለሌለው ለስላሳውን ሌንስ አሳብጦ ከብሌኑ ጋር ያጣብቀዋል።

በአካንታሜባ የተጠቃ ሰው በዓይኑ ላይ ከሚታየው ጉዳት እጅግ የበለጠ ሕመም ይሰማዋል፤ ብርሃን መቋቋምም ያቅተዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ከሚያመጣው የዓይን ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል በሌላ መድኃኒት ጊዜ ይባክናል። ምንነቱ ከታወቀ በኋላም ጠብታው መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ሳይቀር የሚደረግ ሲሆን ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ከዳኑት መካከል ጠባሳው ማዕከላዊውን የብሌን ክፍል በመሸፈኑ የብሌን ንቅለ ተከላ የሚጠብቁ አሉ። ሌንሱን በሁለት ብር ውሃ በማለቅለቅ የሚገኝ ቁጠባ ይህን ሁሉ የሚያስከፍል መሆኑን እየነገርኩት ፈገግ የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እቆጣለሁ።

በብሪታንያ ይህ ሕመም ጎልቶ መታየቱ ውሃን በቤት ማጠራቀሚያ ከማቆየት ልማድ ጋር ተያይዞ ተጠንቷል። የእኛን ሁኔታ ከዚህ ጋር ማነጻጸር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሮቶው ደግሞ ለዓመታት ሳይታጠብ ይቆያል፤ ከታቹም ዝቃጭ ይይዛል። ከዚያ የተቀዳ ውሃ ዓይን ውስጥ ባለ ሌንስ ላይ መፍሰስ የለበትም። ስለዚህ ገላ ከመታጠብ፣ ሶደሬ ፍልውሃ ከመግባትና ላንጋኖ ከመዋኘት በፊት ሌንስ ይወልቃል። ለጥምቀት ጃንሜዳ የሚወርድ ሰው የሚረጨው ጸበል ፊቱ ላይ እንደሚያርፍ ስለሚያውቅ በዚያ ቀን መነጽሩን ቢያደርግ ይሻላል፤ ጸበል ቦታ ለመጠመቅ የሚሄድም እንዲሁ ሌንሱን አውልቆ ይጠመቅ። ውዱእ የሚያደርግ ሰው ፊቱን ሲያጥብ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሽፋሽፍቱን በንጹሕ ሶፍት አድርቆ ከዚያ ቢገልጥ ይበቃዋል። ሌንስ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ መሆኑን አብዛኛው ሰው ያውቃል፤ የሚዘነጋው እጁን በደንብ ማድረቁን ነው፤ በጣት ላይ የቀረውም ጠብታ ውሃ ነውና። በምራቅ ማራስን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አይደረግም።

ሁለተኛው ስህተት ትናንት ሌንሱ ባደረበት ፈሳሽ ላይ ጥቂት አዲስ ጨምሮ ማሳደር ነው። የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ተህዋስያንን የመግደል አቅሙን በአንድ ሌሊት ስለሚጨርስ፣ የተረፈው ጠዋት ሙሉ በሙሉ መደፋት አለበት። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሲንጋፖርና በሆንግ ኮንግ ፉዛርየም የተባለው ፈንገስ በርካታ የሌንስ ተጠቃሚዎችን ሲያጠቃ፣ ወረርሽኙ ከአንድ ዓይነት ፈሳሽ ጋር ተያይዞ ፈሳሹ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። በአሮጌው ላይ እየጨመሩ መጠቀምም ያኔ አደጋውን አባብሰዋል ከተባሉት ልማዶች አንዱ ነበር።

የሌንሱ ማስቀመጫ ራሱ ከዚህ የከፋ ታሪክ አለው። ቀይ ዓይን ይዘው ለሚመጡ ሰዎች «ማስቀመጫውን ያሳዩኝ» ስላቸው ከቦርሳቸው የሚያወጡት ዕቃ ብዙ ይናገራል። በክዳኑ ጥርሶች መካከል ቡናማ እድፍ ይታያል፤ የጉድጓዱን ግድግዳ በጥጥ ሲጠርጉት የሚያሟልጭ ነገር ተያይዞ ይወጣል። ይህ የሚያሟልጭ ሽፋን ተህዋስያን ተጣብቀው የሚኖሩበትና ፈሳሹ ዘልቆ የማይደርስበት መጠለያ ነው። ከዚያ በቀላሉ የሚገኘው ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ብሌንን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል። ማስቀመጫው በየጠዋቱ ተደፍቶ፣ በዚያው በሌንስ ፈሳሽ በንጹሕ ጣት ታሽቶና ታጥቦ፣ በሶፍት ደርቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በንጹሕ ሶፍት ላይ በአፉ ተደፍቶ ይቀመጣል፤ ቢያንስ በየሦስት ወሩም በአዲስ ይተካል። የሚቀመጥበት ቦታ መጸዳጃ ቤት ባይሆን ይመረጣል። ሌንሱም ቢሆን ሲወልቅ በመዳፍ ላይ ተደርጎ በፈሳሹ በጣት መታሸት አለበት፤ ማሸት አያስፈልግም የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን ፈሳሾች የሚጠቀም ሰውም ቢያሽ ይሻለዋል።

ሌንስ አድርጎ መተኛት ሌላው ነው። ብሌን የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚያገኘው በእንባ በኩል ከአየር ነው። ዓይን ሲጨፈን ይህ አቅርቦት ይቀንሳል፤ ከዓይን ቆብ ሥር ሌንስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሌንስ አድርጎ መተኛት የኢንፌክሽን አደጋን ከ6 እስከ 8 እጥፍ እንደሚጨምር ያስጠነቅቃል። «ትንሽ ጋደም አልኩ» የሚባለው የቀትር እንቅልፍም እንቅልፍ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በሚደረገው ረጅም የሌሊት በረራ ላይ ሌንስ አድርገው የሚሳፈሩ ወገኖች ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይገጥማቸዋል፤ የአውሮፕላኑ አየር ደረቅ ነው፤ እነርሱም መተኛታቸው አይቀርም። ለዚያ ጉዞ መነጽር ይበቃል።

የወር ሌንስ የሚባለው ማሸጊያው ከተከፈተበት ቀን አንስቶ ለአንድ ወር የሚያገለግል ነው። «በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለማደርገው ሠላሳ ቀን እስኪሞላ ወራት ይወስድብኛል» የሚለው ስሌት አይሠራም፤ ሌንሱ በማስቀመጫው ውስጥም ያረጃል። አልፎ አልፎ ለሚያደርግ ሰው የሚበጀው በየቀኑ የሚጣለው ነው። እርሱም ማታ ይጣላል እንጂ ታጥቦ አያድርም።

ስለ ባለ ቀለም ሌንስ ልናገር ስል ጥር መጣ ማለት ነው፤ የሠርግ ወር ነውና። በመዋቢያ ዕቃ መሸጫዎችና በቴሌግራም ገጾች ግራጫና ቡናማ ሌንስ ያለ ምንም ምርመራ ይሸጣል። ሙሽራዋ ለአንድ ቀን አድርጋ ታወልቀዋለች፤ በሳምንቱ ሚዜዋ ታደርገዋለች፤ ከዚያ የእህቷ ልጅ ለምርቃቷ ትዋሰዋለች። ሌንስ እንደ ጉትቻ ከሰው ሰው አይዞርም። አንዷ በዓይኗ የነበረውን ተህዋስ ለሌላዋ ታስተላልፋለች፤ ከዚህም በላይ የአንዷ ብሌን ክብነት ከሌላዋ ስለሚለይ፣ የጠበበባት ብሌኗ ይታፈናል፤ የሰፋባት ደግሞ ሌንሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዓይኗ ይፋቃል። ዕይታ የማያስተካክል፣ ለውበት ብቻ የሚደረግ ሌንስም ቢሆን በብሌን ላይ የሚያርፍ የሕክምና መሣሪያ ነው። አሜሪካ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውበት የሚደረገውን ጭምር በሕግ የሕክምና መሣሪያ አድርጋ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ እንዳይሸጥ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለሙን የምትፈልግ ልጅ እንዳታደርግ አልከለክላትም፤ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ዓይኗን ትመርመር፣ የራሷን ሌንስ ትግዛ፣ ማድረግና ማውለቅ ትለማመድ። በሠርጉ ዋዜማ እኩለ ሌሊት ላይ ሌንሱ አልወጣ ብሎ በሚደወልልኝ ስልክ ግን እህቴም ብትሆን አላዝንላትም።

ለነገሩ ሌንስ ከዓይን ኋላ ሊጠፋ አይችልም። የዓይን ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ታጥፎ ከዓይኑ ነጭ ክፍል ጋር ስለሚያያዝ ወደ ኋላ የሚወስድ መንገድ የለም። የደረቀ ሌንስ አልላቀቅ ሲል በጥፍር መቧጨር ብሌንን መቧጨር ነው። ለሌንስ የሚስማማ የዓይን ማራሻ ጠብታ ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ዓይንን ጨፍኖ በዓይን ቆብ ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ይጠቅማል። ሌንሱ ወደ ላይ ከሸሸ ወደ ታች፣ ወደ ታች ከሸሸ ወደ ላይ እየተመለከቱ ይፈለጋል። ገና ሲደረግ የሚቆረቁር ሌንስ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የተገለበጠ ነው፤ በጣት ጫፍ ላይ አስቀምጠው ከጎን ሲያዩት ጠርዙ ቀጥ ብሎ ከቆመ ትክክል ነው፤ ወደ ውጭ ከተዘረጋ ተገልብጧል።

የመነጽር ትእዛዝ ይዞ ዱባይ ላለ ዘመድ ሌንስ ግዛልኝ ማለትም የተለመደ ነው። መነጽር ከዓይን ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ቁጥሩ ከ4 ዳዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) በላይ ለሆነ ሰው የሌንሱና የመነጽሩ ቁጥር ይለያያል፤ ሩቁን ማየት ስለሚቸግረው የ6 ዳዮፕተር መነጽር ለሚያደርግ ሰው የሚስማማው ሌንስ ወደ 5.50 ገደማ ይሆናል። የሌንሱ ክብነትና ስፋትም በመነጽር ትእዛዝ ላይ አይጻፍም። ዘመድ ከውጭ ሌንስ ብቻ ሳይሆን ፈሳሽም ይልካል፤ ከሚላከው ውስጥ ባለ ቀይ ክዳን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካለበት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ተህዋስያንን በመግደል እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አብሮት በሚመጣው ልዩ ማስቀመጫ ውስጥ ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ተቀምጦ ኃይሉ ካልበረደ ዓይንን ያቃጥላል። በተራ ማስቀመጫ አይሠራም።

ሽንኩርት ከመክተፍና ሚጥሚጣ ከመንካት በፊት ሌንስ ይደረጋል እንጂ በኋላ አይደረግም። ኩልም የሚኳሉት ሌንሱ ከገባ በኋላ ነው፤ ማታ ግን ሌንሱ ቀድሞ ይወጣል።

በመጨረሻ የቀላ ዓይን ጉዳይ አለ። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ሲቀላ፣ ሲያመው፣ ብርሃን ሲረብሸው ወይም ዕይታው ሲደበዝዝ ወዲያውኑ ሌንሱን ማውለቅ አለበት። መነጽር የሌለው ሰው ይህን ማድረግ ይከብደዋል፤ ሥራ መሄድ ስላለበት በታመመው ዓይኑ ላይ ሌንሱን መልሶ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ትርፍ መነጽር ለሌለው ሰው ሌንስ ማዘዝ አልወድም። ቀጣዩ ስህተት ከመድኃኒት ቤት በግምት ጠብታ መግዛት ነው። በተለይ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ቅላቱንና ሕመሙን ለጊዜው ስለሚያስታግስ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፤ ከሥር ፈንገስ ወይም አሜባ ካለ ግን መድኃኒቱ የዓይኑን መከላከያ አዳክሞ ያባብሰዋል። ሌንሱ ከወጣ በኋላ ሕመሙ ካልቀነሰ፣ ወይም በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ሲኬድም ሌንሱን አለመጣል፣ ማስቀመጫውን አለማጠብና ፈሳሹን አለመድፋት ይገባል፤ ከብሌኑ የሚወሰደው ናሙና ጥቂት ስለሆነ፣ በላቦራቶሪ ተህዋሱ የሚገኘው አንዳንድ ጊዜ ከማስቀመጫው ነው።